«ውጣበት!» ብሎ መጮህ ማሰልጠን አይደለም

በየሰፈሩ ባሉት ትንንሽ ሜዳዎች ዳር ከሚሰሙት ድምፆች ሁሉ አንዱ ጎልቶ ይወጣል፦ «ውጣበት!» አሰልጣኙ ይጮሃል። ወላጅ ይከተለዋል። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች ያስተጋባሉ። ሜዳ ውስጥ ያሉት አራት ልጆች ግን ከዚህ አንድ ቃል አራት የተለያየ ትእዛዝ ይሰማሉ። አንዱ እንደ ጥይት ይወጣል። ሁለተኛው ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ሦስተኛው የያዘውን ሰው ላለመልቀቅ ይቀራል። አራተኛው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ተጋጣሚ አንዴ ያቀብላል፣ ሁለቴ ያቀብላል፣ ጎል! ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፦ «አንተ ለምን አልሮጥክም?»

ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ሰው ላይ ነው የሚወድቀው። ጥፋተኛው ያልሮጠው ልጅ አይደለም። ጥፋተኛው መቼ፣ በየት በኩል፣ ከማን ጋር እንደሚወጣ ሳያስተምር «ውጣ» ያለው ሰው ነው። በፉትሳልም ሆነ በትንንሽ ሜዳ ኳስ ፕሬሲንግ የሚባለው ነገር ሩጫ ሳይሆን ስምምነት ነው። ስምምነቱን ያላስተማረ አሰልጣኝ ሩጫውን የመጠየቅ መብት የለውም።

ነገሩ የስፖርት ወሬ ብቻ አይደለም። በከተሞች የድሮዎቹ ሰፋፊ ሜዳዎች ብዙዎቹ በሕንፃ ተተክተዋል። በምትካቸው ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ፣ ዙሪያቸውን በሽቦ የታጠሩ ትንንሽ ሜዳዎች ተበራክተዋል። አንዳንዱ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ በሰዓት ይከራያል። የዛሬ ከተሜ ልጅ ከኳስ ጋር የሚተዋወቀው እዚያ ነው። ሜዳው ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። አጥሩ ውስጥ ገብቶ ማን ምን እያስተማረ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ሣሩ ተነጥፎ አሰልጣኙ ከተረሳ፣ የተሠራው የልጆች መማሪያ ሳይሆን የልጆች መሰደቢያ ነው።

እውነት ነው፣ የሰፈሩ ምንጣፍ ሜዳ ፉትሳል አይደለም። ፉትሳል የራሱ ሕግ አለው፦ ጠንካራ ወለል፣ ብዙ የማትነጥር ኳስ፣ በእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ 5 ተጫዋች፣ ሰዓቱ እየቆመ የሚቆጠር 20 ደቂቃ ሁለት ጊዜ። የጠባብ ቦታ ሒሳብ ግን በሁለቱም አንድ ነው፤ ያንን ሒሳብ ደግሞ ከፉትሳል የተሻለ የሚያስተምር የለም።

ሒሳቡ ይኼ ነው። ዓለም አቀፍ የፉትሳል ሜዳ 40 በ20 ሜትር፣ ማለትም 800 ካሬ ሜትር ነው። ሁለቱን ግብ ጠባቂዎች ትተን ለስምንት ተጫዋቾች ሲካፈል ለአንድ ሰው 100 ካሬ ይደርሰዋል። በ105 በ68 ሜትር ትልቅ ሜዳ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ተጫዋች 357 ካሬ ይደርሳል። ብዙ አሰልጣኞች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት «ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሩጡና ቀሙ» የሚል ነው። ትክክለኛው ትምህርት ተቃራኒው ነው። በትልቁ ሜዳ አንድ ሰው ያለ ጊዜው ወጥቶ ሲታለፍ ቡድኑ ከአሥር አንዱን አጣ። በፉትሳል ያው ስህተት ከአራት አንዱን ያሳጣል። የቡድኑ ሩብ በአንድ አብዶ ከጨዋታ ውጪ ሆነ ማለት ነው። ከጎሉ እስከ ጎሉ ያለው ርቀት ደግሞ 40 ሜትር ብቻ ስለሆነ ስህተቱን ሮጦ ለማረም ጊዜ የለም።

የፉትሳል ሕግ ራሱ ለፕሬሲንግ የተሰፋ ይመስላል። ከመስመር የወጣን ኳስ መልሶ ለማስገባት 4 ሰከንድ ይፈቀዳል። ግብ ጠባቂው በራሱ ሜዳ ኳሱን በእጁም ሆነ በእግሩ መያዝ የሚችለው ለ4 ሰከንድ ነው። አንዴ ካቀበለ በኋላ ተጋጣሚ ሳይነካት የቡድን ጓደኛው ቢመልስለት በራሱ ሜዳ ላይ ዳግመኛ መንካት አይችልም። እነዚህ ሕጎች የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ጊዜ ከተከላካዩ ወገን ነው። ስለዚህ በደንብ የተማረ ቡድን ሲጫን ዋና ዓላማው ኳሷን መንጠቅ አይደለም። ዓላማው መውጫዎቹን መዝጋት ነው። በሮቹ ሁሉ ከተዘጉና ሰዓቱ ከቆጠረ ባለ ኳሱ ራሱ ኳሷን ይዞ ይመጣል፤ ወይ ወደ ውጪ ይመታታል፣ ወይ ለተጋጣሚ ያቀብላል።

ያው ሕግ በጭፍን የሚጫነውን ይቀጣል። በአንድ አጋማሽ አንድ ቡድን አምስት ጥፋት ከሞላ፣ ከስድስተኛው ጀምሮ ለተጋጣሚው ያለ ግድግዳ የሚመታ ቅጣት ምት ይሰጣል። የሚመታውም ከጎሉ 10 ሜትር ላይ ካለው ነጥብ ነው፤ ጥፋቱ ከዚያ ቀርቦ ከተፈጸመ ደግሞ ከተፈጸመበት ቦታ መምታት ይቻላል። ከፊት የሚቀረው ግብ ጠባቂው ብቻ ነው። «ግባበት፣ አትፍራው» እየተባለ ያደገ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሦስትና አራት ጥፋት ይሠራል። የቀረውን ጊዜ ቡድኑ እጁ ታስሮ ይጫወታል፤ ሊጫን አይችልም፣ መንካት ይፈራል። አሰልጣኙ ወኔ ብሎ የዘራው ፍርሃት ሆኖ በቀለ።

ታዲያ መማር ያለበት ምንድን ነው? የመጀመሪያው ምልክት ነው። አራቱም ልጆች አንድ ላይ የሚወጡበትን ቅጽበት የሚያውቁት በጩኸት አይደለም፤ በሜዳው ላይ በሚታይ ነገር ነው። ቀስ ብላ የምትንከባለል ቅብብል ምልክት ናት። በመጀመሪያ ንክኪ ከእግር የራቀች ወይም የነጠረች ኳስ ምልክት ናት። ፊቱን ወደ ራሱ ጎል አዙሮ የሚቀበል ተጋጣሚ ምልክት ነው። ከመስመሩ ጥግ የታፈነ ሰውም እንዲሁ። ግብ ጠባቂው ተራውን ተጠቅሞ አቀብሎ ከሆነና ኳስ ሊመለስለት ካልቻለ እርሱም ምልክት ነው። ምልክቱ ከሌለ አይወጣም። ጠበቅ ብሎ ቅርፅን ይዞ መቆም ፍርሃት አይደለም፤ የፕሬሲንጉ ግማሽ አካል ነው።

ሁለተኛው አቀራረብ ነው። ኳሷ ወደ ተጋጣሚው ቀኝ ጠርዝ ሄደች እንበል። ቅርቡ ያለው ልጅ በቀጥታ ቢሮጥ መሀሉን ከፍቶ ይሄዳል። የተማረ ልጅ ግን ጎበጥ ባለ መንገድ ይቀርባል፤ በሰውነቱ ወደ መሀል የሚመለሰውን ቅብብል ሸፍኖ ባለ ኳሱን ወደ መስመሩ ይገፋዋል። መስመሩ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ የማይደክም ተከላካይ ነው። ከዚያ ሁለት ክንድ ሲቀረው ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያጥፋል። እስከ መጨረሻው በሙሉ ፍጥነት የሚመጣ ሰው ለሎጬ የተዘጋጀ ሰው ነው።

ሦስተኛው ቀሪዎቹ ሦስት ልጆች ናቸው፤ የጩኸት አሰልጣኝ ፈጽሞ የማያያቸው እነዚህን ነው። ሁለተኛው ልጅ ለባለ ኳሱ ቅርብ የሆነውን አቀባይ ይይዛል። ሦስተኛው ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ከፊት ኳስ የሚጠብቀው ፒቮት ዘንድ ይሄዳል፤ ከኋላው ሳይሆን ከፊቱ ይቆማል። አራተኛው ከኳሱ በጣም የራቀውን ተጋጣሚ ትቶ ወደ መሀል ይሰበሰባል፤ ምክንያቱም ወደዚያ የምትሄደው ኳስ ረጅም መንገድ ስላላት እስክትደርስ ይደርሳል። ግብ ጠባቂው ከመስመሩ ወጣ ብሎ በላይ የምትመጣውን ኳስ ይጠብቃል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚሮጠው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እውነቱ ግን አምስቱም ሥራ ላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው የተለመደው ፍርድ ግፍ የሚሆነው። «ያልሮጠው» የተባለው አራተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ሜዳው ላይ በትክክል ያሰበ ብቸኛ ሰው ነው። ጓደኛው ያለ ምልክት ሲወጣ አደጋውን አይቶ ቀዳዳውን ሊደፍን ቀርቷል። ለዚህ ማስተዋሉ የሚከፈለው ስድብ ነው፦ ሰነፍ፣ ፈሪ፣ ወኔ የሌለው። በሚቀጥለው ሳምንት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በሚቀጥለው አይመጣም። ሮጦ የታለፈው ልጅ ደግሞ «ጎበዝ፣ ልብ አለህ» ይባላል። በዚህ ዓይነት የሚያስቡትን እያባረረ የሚሮጡትን ብቻ የሚያስቀር ሥልጠና ውሎ አድሮ «የጨዋታ ብስለት የለንም» ብሎ ቢያለቅስ ማን ይሰማዋል? ብስለቱን በአሥር ዓመቱ ያባረረው እሱ ራሱ ነው።

ጩኸቱ ሌላም ጉዳት አለው። ተጋጣሚዎች እየተሻገሩ ቦታ ሲለዋወጡ ተከላካዮች «ቀይር» ወይም «ያንተ ነው» መባባል አለባቸው። ይህን ማለት ያለበት ከኋላ ያለው ልጅ ነው፤ ሜዳውን የሚያየው እሱ ነውና። ከፊት ያለው ይሰማል፣ ይታዘዛል። ስለዚህ ፕሬሲንግን የሚያዝዘው ከመስመር ዳር ያለው ትልቅ ሰው ሳይሆን ከኋላ ያለው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ለአርባ ደቂቃ ሳያቋርጥ የሚጮህ አሰልጣኝ ቡድኑ የሚያስፈልገውን ያንኑ ድምፅ ነው የሚያፍነው።

«ጉልበት የሌለው እንዴት ይጫናል? መጀመሪያ አቅም ነው» የሚሉ አሉ። አቅም ያስፈልጋል። ነገር ግን ፉትሳል ቅያሪን ያልገደበው ለዚሁ ነው። ጨዋታው ሳይቆም፣ ዳኛ ሳይጠየቅ፣ የወጣው ተመልሶ እየገባ መቀያየር ይቻላል። በጥሩ ሁኔታ የሚጫን ቡድን ጥቂት ደቂቃ በሙሉ ኃይል ተጫውቶ ሌላ አራት ያስገባል። የሰፈሩ አሰልጣኝ ግን «ምርጦቼ» የሚላቸውን አራት ልጆች ሳይቀይር እያጫወተ በመጨረሻ «ለምን አትጫኑም?» ይላል። ይህ የልጆቹ የአቅም ችግር አይደለም። ወንበር ላይ ያሉትን ያለማመን ችግር ነው። እምነቱን ለስምንት ልጆች ያካፈለ አሰልጣኝ የጉልበት ጥያቄውን ግማሽ መንገድ መልሶታል።

«ልጆችን በሥርዓት ማሰር ተሰጥኦ ይገድላል፤ ይልቀቋቸው አብዶ ይሥሩ» የሚሉም አሉ። ይህ ክርክር ቁም ነገር አለው፣ በቀላሉ የሚጣልም አይደለም። ስምንት ዓመት ያልሞላውን ልጅ በኖራ መስመር እያሰመሩ ማስጨነቅ ጥፋት ነው። በዚያ ዕድሜ አንድ ለአንድና ሁለት ለሁለት መጫወት ይበቃል። ዕድሜው ከፍ ሲል ግን አብዶኛውን የሚያሳድገው የተማረ ተከላካይ ነው። ሰው እየዘለለ ከሚመጣበት ተከላካይ ጋር ብቻ ያደገ አብዶኛ የሰፈር ንጉሥ ይሆናል፤ አንድ ቀን በሮቹን ሁሉ የሚዘጋ ቡድን ሲገጥመው ግን እግሩ ይታሰራል። የተዘጋ በር ያላየ ልጅ ቁልፍ መሥራት አይማርም። በተቀናጀ ጫና ውስጥ ራሱን ቀና አድርጎ፣ በአንድ ንክኪ አቀብሎ፣ ዞሮ መቀበል የለመደ ልጅ ግን በትልቁ ሜዳ 357 ካሬ ሲሰጠው ሰፊ አዳራሽ የገባ ያህል ይሰማዋል።

ጊዜና ትዕግሥት ምን እንደሚያፈራ ማየት የሚፈልግ አውሮፓ መሄድ አያስፈልገውም። ሞሮኮ አለች። የሞሮኮ ፉትሳል ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 በታይላንዱ የዓለም ዋንጫ የምድቡን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ኮሎምቢያ ላይም ሦስቱንም ተሸነፈ። በሁለቱም ጊዜ አሰልጣኙ ሂሻም ድጊግ ነበር። በብዙ አገር ቢሆን ከመጀመሪያው ሽንፈት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይሰናበት ነበር። አልተሰናበተም። በ2016፣ በ2020 እና በ2024 ቡድኑ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደ፤ ያንን ዋንጫ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጊዜ ያነሣችው ግብፅ ነበረች። በ2021 የዓለም ዋንጫ ኋላ ሻምፒዮን ከሆነችው ፖርቱጋል ጋር 3 ለ 3 ወጥቶ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፤ የተሸነፈውም በብራዚል 1 ለ 0 ነው። በ2024 ኢራንን 4 ለ 3 ጥሎ እንደገና ሩብ ፍጻሜ ገባ።

ይህን ሁሉ ያመጣው ፕሬሲንግ ብቻ ነው ማለት ቂልነት ነው። ገንዘብ አለ፣ አዳራሽ አለ፣ የአገር ውስጥ ሊግ አለ። ግን በገንዘብ የማይገዛ ነገርም አለ፦ ተጫዋቾች ሳይነጋገሩ የሚግባቡበት፣ በዓመታት ድግግሞሽ የሚመጣ የጋራ ልማድ። ይህን ልማድ የሚያበቅለው በአንድ ሰው የሚመራ፣ ከሽንፈት በኋላም የሚቀጥል ትምህርት ነው። በየሦስት ወሩ አሰልጣኝ የሚቀያይር ሰፈር ቡድን፣ አካዳሚ ወይም ክለብ ይህን አያገኝም፤ በእያንዳንዱ አዲስ ጩኸት ከዜሮ ይጀምራል።

ለማስተማሩ የሚያስፈልገው ነገር ውድ አለመሆኑ ደግሞ ሰበብ ያሳጣል። በመጀመሪያው ወር ሁለት ለሁለት በግማሽ ሜዳ ይጫወታሉ፦ አንዱ ይቀርባል፣ ሌላው ይሸፍናል፣ ኳሷ ስትሄድ ሚናቸውን ይለዋወጣሉ። ቀጥሎ ሦስት ለሦስት፤ ከመስመር የሚገባውን ኳስ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ እስከ አራት ይቆጥራል። ከዚያ አራት ለአራት፤ ጥፋት ይቆጠራል፣ ስድስተኛው ላይ ቅጣት ምት ይመታል። በሳምንት አንድ ምልክት ብቻ ይማራሉ፤ አምስት ምልክት በአንድ ቀን ያስተማረ ምንም አላስተማረም። ጫናው ሲታለፍ አራቱም ከኳሱ ኋላ እንዲመለሱ ይለማመዳሉ፤ መመለሻው ያልተነገረበት መውጣት ቁማር ነው። አንድ ስልክ ከፍ ካለ ቦታ ጨዋታውን ይቅረጽ። ልጆቹ ራሳቸውን ሲያዩ አሰልጣኙ አንድ ሰዓት ጮሆ ያላስረዳውን በአንድ ደቂቃ ይረዱታል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ባለቤቶቹ ይመለስ። ሜዳ የሚያስመርቅ ወረዳ ከሣሩ ጋር አሰልጣኙንም ይመርቅ፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተማረ፣ በዓመቱ መጨረሻ በምን እንደሚገመገም ይናገር። አካዳሚ ከፍቶ በወር ክፍያ የሚሰበስብ ሰው የሸጠው የሜዳ ሰዓት ነው ወይስ ትምህርት፣ ለይቶ ይንገር። ፌዴሬሽኖች ከዋንጫ ብዛት በፊት የሰፈር አሰልጣኝ ሥልጠናን ይቁጠሩ። ሜዳ ዳር ቆሞ «ውጣበት» እያለ የሚጮህ ወላጅም ዝም ማለት ይማር፤ ልጁ የሚጠብቀው የአባቱን ድምፅ ሳይሆን ከኋላው ያለውን የጓደኛውን ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በየስብሰባው የማይጠቅስ የለም። ድሩ አንበሳውን የሚያስረው ግን በማበሩ ነው፤ ተበታትኖ ቢሮጥ አንበሳው አያየውም እንኳ።

አሰልጣኝን ለመፈተን ዲፕሎማ ማየት አያስፈልግም። በልምምድ ዕረፍት ላይ አራት ልጆችን ለየብቻ ጠርቶ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ የምትወጡት መቼ ነው? ስትወጣ ከኋላህ ማን አለ? ካለፉህስ ወዴት ትመለሳለህ? አራቱም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ አሰልጣኝ አላቸው። አራት የተለያየ መልስ ከሰጡ ወይም «ኮች ሲጮህ» ካሉ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ነው። ለድምፅ ማጉያ ደግሞ ልጅም ገንዘብም አይሰጥም።